ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

1ኛ አቅራቢ፦ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ ቡልቅ ካለ፣ «የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» ማለት ተለምዷል። እኔ ግን ፍርዱ ፈጠነ ባይ ነኝ፤ ጭሱ ግፊት መኖሩን እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገርም። መተንፈሻው ከተደፈነ ጤነኛ ሞተርም ግፊት ያጠራቅማል። ያረጀ የፍሬን አየር ኮምፕረሰር ወይም ቱርቦም በዘይት መመለሻው በኩል አየር ወደ ሞተሩ ሆድ ይለቃል።

2ኛ አቅራቢ፦ ዘይት እየበላ ሰማያዊ የሚያጨሰውስ? እሱም የፋሻ አይደለም ልትል ነው?

1ኛ አቅራቢ፦ ሊሆን ይችላል። ግን ግፊቱ ሲበዛ የቱርቦው ዘይት መውረጃ ያጣና በአየር ማስገቢያው ገብቶ ይቃጠላል፤ ጭሱ ያው ሰማያዊ ነው። ስለዚህ መተንፈሻው ይጽዳና ግፊቱ በማኖሜትር ይለካ። ቀጥሎ መኪናው ታኮ ተደርጎለት፣ የኮምፕረሰሩ አየር መውጫ ቱቦ ተፈቶ፣ ልኬቱ በዚያው የሞተር ዙር ይደገም። ንባቡ በጉልህ ከወረደ ጥፋቱ የኮምፕረሰሩ ነው፤ ፋሻውን ማንም አይንካው።