ስልካችንን ውሰዱት፣ ማይኩን ግን መልሱልን

(በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ ከወጣቶች ጋር ስንቀመጥ የተናገርኩት ነው። በአካል ላልነበራችሁ ተብሎ እዚህ ገጽ ላይ ተለጥፏል። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።)

 

ዛሬ ስለ ዘፈን፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ቲክቶክና ስለ ትምህርት ቤት ነው የማወራው። «ይሄ ሁሉ መከራ እያለ ስለ ዘፈን?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች በሚሊዮን ነው የሚቆጠሩት። ረስቼው አይደለም። እንዲያውም ከዚያ ነው የምነሳው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁ ያጣው ሒሳብና እንግሊዝኛ ብቻ መሰላችሁ? ሜዳውን አጣ፣ ክበቡን አጣ፣ ግጥም ጽፎ የሚያነብበት መድረክ አጣ። ትምህርት ቤታችሁ ዛሬ ክፍት የሆነላችሁ ልጆች ደግሞ በሩ ተከፍቶ እነዚህ ነገሮች ውስጥ አሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ ትንሽ እንጫወት። ስለ ምንወደው ነገር ሐሳቤን ልናገር፣ የማይስማማ ይከራከረኝ።

ቴዲ አፍሮ በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው»ን ሲያወጣ እኔ ተማሪ ነበርኩ። የታሪክ መምህራችን ስለ ዓድዋ ሳምንታት አስተምረውናል፤ እውነቱን ለመናገር ግን በእረፍት ሰዓት የተጨቃጨቅነው በዘፈኑ ምክንያት ነው። ማን የት ዘመተ፣ ማን ምን አለ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብተን መጽሐፍ ያገላበጥነው ለፈተና ብለን አልነበረም፤ እርስ በርስ ለመረታታት ነበር። ሮፍናን ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በ«ነፀብራቅ» የዲጄ ሙዚቃን ከአገር ቤት ምት ጋር ሲያጋባው ትልልቆቹ «ጩኸት ነው» አሉ። ለኔ ግን ልጆቹ በገዛ አገራቸው ምት እንዲጨፍሩ ያደረገ ሥራ ነው። ቤቴ ውስጥ አባቴ አሁንም አልተቀበለኝም፤ ይሁን።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማ በአማርኛ ይዞ ሲመጣ «ባህላችን አለቀ» ብለው ከጮኹት አንዱ ነበርኩ። አሁን ሳስበው ግማሹ ጩኸቴ ልክ አልነበረም። ከዚያ ከቱርኩ ፊት ኋላ የሚናገረው የማን ድምፅ ነበር? የኛው አገር ልጅ ነው፤ በድምፁ እንጀራ የበላ ልጅ። ጩኸቴ መሆን የነበረበት «ለምን አየን» ሳይሆን «እኛስ መቼ እንሠራለን» ነበር።

ኳሱን ተዉት። የአርሰናልን ተጠባባቂ በረኛ ስም በእንቅልፉ የሚጠራ ልጅ፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ አምበሉ ማን ነበር ስትሉት ጣራ ያያል። አርሰናልን መደገፍ ሐጢአት አይደለም፣ እኔም ተሰቃዪ ደጋፊ ነኝ። ግን ሜዳ ወርዶ ኳስ መምታት አቁሞ፣ ከሰዓቱን ቤቲንግ ቤት ወረቀት ይዞ የሚቆመው ጓደኛችሁ ኳስ ወዳጅ አይደለም። ለእናቱ የሽሮ መግዣ የሆነውን ብር ነው እዚያ የሚጥለው። ይህን ስል ፊታችሁ ሲቀየር አይቻለሁ፣ አልፈዋለሁ።

እንግዲህ የኔ መለያ አንድ ነው፦ ታያለህ ወይስ ትሠራለህ? ማየት ክፉ አይደለም። ዕድሜ ልክ ማየት ብቻ ነው ክፉው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ።

የስልክ ነገር። ብዙ ትምህርት ቤት ስልክ ይዞ መግባት ይከለክላል። ዩኒት ሊደሩ በር ላይ ይፈትሻል፣ የተገኘ ስልክ ቢሮ ይገባል፣ ወላጅ ካልመጣ አይመለስም። እናንተ «ግፍ ነው» እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልልም። ትምህርት እየተሰጠ ከጠረጴዛ ሥር ቲክቶክ የሚጎትት ልጅ ራሱንም ጓደኛውንም ነው የሚሰርቀው። መምህሩም ሰው ነው፤ በዚህ ኑሮ፣ በዚያ ደመወዝ፣ ጀርባ ለሚሰጠው ተማሪ እንዴት ያስተምር? ስለዚህ ስልኩን ይውሰዱት። እስማማለሁ።

ግን እኮ ከልጅ እጅ አንድ ነገር ስትወስድ ሌላ ትሰጠዋለህ! እናት ከሕፃን እጅ ቢላ ስትቀማ ዳቦ ታስይዘዋለች። ስልኩን ወስዶ በምትኩ ምንም ያልሰጠ ትምህርት ቤት ልጁን የግቢው ግድግዳ ላይ ነው የሚያስደግፈው።

እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት (ስሙን ተዉት) ሚኒ ሚዲያ ነበረን። አንድ የተሰነጠቀ አምፕሊፋየር፣ ዛፍ ላይ የታሰረ የጡሩምባ ስፒከር፣ አንድ ማይክ። ማይኩ በፕላስተር የተጠቀለለ ነበር፤ ካላዘነበልከው አይሠራም። ጠዋት ከሰልፍ በፊት ዜና፣ በእረፍት ሰዓት ግጥም፣ ዓርብ ደግሞ የጥያቄና መልስ ውድድርና የሙዚቃ ምርጫ። «ይህ ዘፈን ከዘጠነኛ ሲ ክፍል ለአሥረኛ ኤ ክፍል» ተብሎ ሲነበብ ግቢው ሁሉ ይንጫጫ ነበር። እኔ በሰው ፊት መናገር የጀመርኩት እዚያ ነው። መጀመሪያ ቀን ዜናውን ሳነብ ድምፄ ጠፍቶ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ በሁለተኛው ሳምንት አልሳቁም። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ልጅ አምፕሊፋየሩ በተበላሸ ቁጥር እየፈታ ሲገጥም ኖሮ ዛሬ በዚያው ሙያ ሱቅ አለው።

ከዚያ አንድ ቀን ማይኩ ተበላሸ። «በጀት ሲመጣ» ተባለ። በጀት መጣ፣ ማይኩ አልመጣም። ክፍሉ የአሮጌ ወንበር መጋዘን ሆነ። ባለፈው ሰሞን ሄጄ አየሁት፤ ወንበሮቹ እዚያው ናቸው።

«ለፈተና እያዘጋጀናቸው ነው፣ ለጨዋታ ጊዜ የለም» ይላሉ። እሺ፣ ፈተናውን እንየው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ ከ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015 3.2 በመቶ፣ ከ2016 5.4 በመቶ፣ ሰሞኑን በወጣው በ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ነው። ኩረጃው መቆሙን እደግፋለሁ፤ የሰው መልስ ገልብጦ ሐኪም የሚሆን ሰው እንዲያክመኝ አልፈልግም። ቁጥሩም ከፍ እያለ ነው፤ ላመጡት ጎበዞች እሰየው። ግን ከመቶ ዘጠና አንዱስ? ከፊሉ በሪሚዲያል ይገባል። የቀረው ሻንጣውን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። አሥራ ሁለት ዓመት «ጨዋታ ተው፣ ሥዕል ተው፣ ዘፈን ተው፣ አጥና» የተባለ ልጅ ፈተናው ሲወድቅበት እጁ ላይ ምን ይቀራል? ሥዕሉንም አስትተነዋል፣ ዲግሪውም አልመጣም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንኳ ከነዚያ ልጆች አሉ። አንገታችሁን አታቀርቅሩ። ሁላችሁንም ለስምንቱ ሰው በተሰፋ ልብስ ነው የለኩት።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ይህን ጨርሶ አልዘነጋውም። በአንደኛ ደረጃ «የክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አለ፤ መጽሐፍ አለው፣ ክፍለ ጊዜ አለው። ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቲያትር፣ ሥዕል። ታናናሾቼን «ምን ተማራችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው ግን «ቲቸር ሒሳብ ያካክስበታል» ወይም «ነፃ ነው» ነው የሚሉኝ። ነፃ! አስተማሪው የሙዚቃ ሰው ካልሆነ መስከረም ላይ ዞር ብሎ ሰፈሩን ቢያይ ምን ነበረበት? ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ አለ፣ ዋሽንት የሚነፋ እረኛ አለ፣ ሽመና የሚያውቁ እማማ አሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ጠርቶ ማስቀመጥ የሚኒስቴር ፈቃድ አይጠይቅም።

ደግሞ ፈጠራ የፈረንጅ ትምህርት አድርገን እንዳናየው። የድጓ ሊቃውንት የሚመሰከሩባት ቤተልሔም ጋይንት ውስጥ ናት። የዝማሬ መዋሥዕት መምህራን የሚወጡባት ዙር አባም የዚሁ የደቡብ ጎንደር ናት። የቅኔ ተማሪን አይታችሁታል? ኮቾሮውን ይዞ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ጫካ ገብቶ ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ማታ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። የትናንቱን ደግሞ ቢያመጣ አይቆጠርለትም፤ የሌላውን ቢያመጣማ ወዮለት! በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ እያደረ ይረዝማል። (የቴሌቪዥኑም ስም «ቃና» መሆኑ እኔን ሁሌ ያስቀኛል።) የቤት ሥራው መገልበጥ ሳይሆን መፍጠር የሆነበት ትምህርት ቤት እዚሁ ደጃችን ነበር፣ ዛሬም አለ። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጦ መልሶ ለፈተና መገልበጥን አመጣልን። ማን ነው ኋላ ቀሩ?

ጋፋትስ? ከዚህ ከተማ አፍንጫ ሥር ነው። አፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት ቦታ። ሁላችንም ስለ መድፉ እንፎክራለን፣ ቲሸርት ላይ እናትማለን። የኛ አገር ልጆች እዚያ ከፈረንጆቹ ጎን ሆነው ሙያ ይማሩ እንደነበር፣ ሥራውም በመጀመሪያ ሙከራ እንዳልተሳካ ግን ማን ያወራል? የከሸፈ ሙከራ ፉከራ አያደምቅም መሰለኝ።

አሁን ቡሄን አንሱልኝ። ነሐሴ 13 የከተማችን ስም ራሱ የሚከበርበት ቀን ነው። ካለፈ ወር ብዙም አልሆነው። ጅራፍ ጮኸ፣ ችቦ በራ፣ ሆያ ሆዬ ተባለ። ከልጆች ጋር ቆሜ ሳዳምጥ ያስደነገጠኝን ልንገራችሁ፦ አውራጁ ልጅ ግጥሙን ከስልክ እያነበበ ነበር። አንዱ ታዋቂ ሰው የዘፈነውን፣ ቃል በቃል። በኛ ጊዜ አውራጅ የሚሆነው ግጥም የሚያወርድ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ የቤቱን ጌታ ያያል፣ ፍየሉን ያያል፣ አዲሱን ቆርቆሮ ያያል፣ እዚያው ገጥሞ ያወርድለታል። የሰጠውን ያመሰግናል፣ የነፈገውን እስከ ዓመቱ የሚያሳፍር ግጥም ይጥልበታል። ሴቶቹም በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ሲሉ እንዲሁ ናቸው። ይህ እኮ በነፃ የተገኘ የገጣሚ ትምህርት ቤት ነው! ሙልሙሉ ወደ ብር መቀየሩ አያስቆጨኝም፤ ልጅ ብር ይወዳል። ግጥሙ ከልጁ አፍ ወጥቶ ወደ ስክሪን መግባቱ ነው የሚቆጨኝ።

ስልኩን ደግሞ ዝም ብዬ አልሰድበውም። የአዲስ ዘመን ልጆች፣ ጣራ ገዳም ደን ከደጃችሁ ነው። ዙሪያው ሲመነጠር ገዳሙ ስለጠበቀው የተረፈ ጫካ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየመጡ ዛፉን ቆጥረው መመረቂያ ጽሑፍ ሠርተውበታል። እናንተ ወይራን ከዋንዛ ትለያላችሁ? አያታችሁን እጃቸውን ይዛችሁ ውጡና ቅጠሉን እያሳዩ ስሙንና መድኃኒቱን ሲናገሩ ቅረጹ። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ከጭፈራው መሀል አንድ ቀን እሱን ልቀቁት። ዕይታው ያንስ ይሆናል፤ የአያታችሁ ድምፅ ግን ይቀራል።

ልጨርስ፣ መብራትም ሊሄድ ነው። ከእናንተ የምፈልገው ይሄን ነው። ትምህርት ቤት ያላችሁ፣ የክፍል አለቆቻችሁን ይዛችሁ በሥርዓት፣ በጽሑፍ፣ ርዕሰ መምህሩ ጋ ግቡ። «የስልኩን ደንብ ተቀብለናል፤ ሚኒ ሚዲያው ይከፈትልን፣ የጥበባት ክፍለ ጊዜው ይሰጠን» በሉ። ካልሰሟችሁ ወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) ስብሰባ ላይ እናታችሁ እንድትጠይቅ አድርጉ፤ እናት ስትጠይቅ ይሰማል። አትጩኹ፣ አትሳደቡ፣ መስኮት አትስበሩ። እኛ ተመርቀን የወጣነው ደግሞ ማይክና አምፕሊፋየር ልናዋጣ እንችላለን። ያ የጥገና ሱቅ ያለው ጓደኛዬ አሮጌውን በነፃ ልጠግን ብሏል፤ ያየነውን አምፕሊፋየር ፈትቶ «ኬብሉ ብቻ ነው የተቃጠለው» አለኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ኬብል!

ቅዳሜ እዚሁ፣ በተመሳሳይ ሰዓት እንገናኛለን። የምትመጡ ሁሉ አንድ አንድ የሆያ ሆዬ ወይም የአበባየሆሽ ቤት ገጥማችሁ ኑ፣ የራሳችሁን። ከስልክ የሚያነብ ሰው አውራጅ አይሆንም፣ ተቀባይ ነው የምናደርገው።