የዋልካ ግጦሽ መሬት ጠባይና አያያዝ
ለምዕራብ ጎጃም ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር



የዛሬው ንግግራችን ስለ ዋልካ ነው። አንዳንዱ ሰው መረሬ ይለዋል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ዳገቱና ገመገሙ አብዛኛው ቀይ አፈር ነው፤ ወደ ወንዝ ዳርና ወደ ረባዳው ሲወርዱ ግን ጥቁሩ ዋልካ ይገኛል። ረባዳው በክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ብዙው ስፍራ ለከብት ግጦሽ ተትቶ የኖረ ነው። በሬያችሁ የሚያርሰው በዚህ ሣር ጉልበት ነው። ሣሩ ሲጠፋ በሬው ይከሳል፤ በሬው ሲከሳ እርሻው ይደክማል፤ እርሻው ሲደክም ቤተ ሰቡ ይቸገራል። እንግዲህ ስለ ዋልካ መነጋገር ስለ ጓዳችን መነጋገር ነው።

የምንመክራችሁ ዋና ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ዋልካ ውሃ ጠጥቶ በለሰለሰበት ወራት ከብት አታስረግጡት የሚል ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ግን አስቀድሞ የአፈሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዋልካ እንዴት እንደሚፈጠር

የጎጃም ደጋ አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር ድንጋይ ላይ የተመሠረተ ነው። ድንጋዩ በፀሐይና በዝናብ ብዛት በረጅም ዘመን እየተሰባበረ አፈር ይሆናል። በዳገቱ ላይ ዝናቡ አፈሩን እያጠበ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን የመሳሰሉትን ማዕድኖች ይዞ ይወርዳል። ብረቱ ግን እዚያው ስለሚቀር አፈሩ ይቀላል፤ ኮምጣጣም ይሆናል። የታጠበው ማዕድን በረባዳው ይጠራቀምና ሸክላ የበዛበት ጥቁር አፈር ይፈጠራል። ስለዚህ የዳገቱ ቀይ አፈርና የረባዳው ዋልካ የአንድ ድንጋይ ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን አይመሳሰልም።

የአፈር ሊቃውንት ይህን አፈር ቬርቲሶል ይሉታል፤ ስሙ መገልበጥ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሔክታር እንደሚሸፍን፣ ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮን የሚሆነው በደጋው እንደሚገኝ ይገመታል። በሱዳን የጀዚራ መሬትና በሕንድ ጥጥ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር የዚሁ ወገን ናቸው።

የበጋና የክረምት ጠባዩ

የዋልካ ሸክላ በዓይን በማይታዩ ስስ ገጾች የተደራረበ ነው። ውሃ በገጾቹ መካከል ሲገባ አፈሩ ያብጣል፤ ውሃው ሲወጣ ይኮማተራል። በበጋ ምድሩ የሚሰነጠቀው ስለዚህ ነው። በላይ ያለው ልም አፈር ወደ ስንጥቁ ይወድቃል፤ ዝናብ ሲመጣ የታችኛው አብጦ ይገፋል፤ እንዲህ እያለ አፈሩ ራሱን በራሱ ይገለብጣል። የሣርና የዛፍ ሥር የሚበጠሰውም በዚህ እንቅስቃሴ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ በኩል ፈጥኖ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ግን ውሃው ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ስለሚያጣ በላይ ይተኛል። በሐምሌና በነሐሴ ረባዳው ኩሬ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። አየር ያጣ ሥር ይታፈናል፤ በአፈሩ ያለውም ናይትሮጅን ወደ አየር ይበናል። በበጋ ደግሞ ሸክላው የቀረውን ውሃ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ አፈሩ በእጅ ሲነካ እርጥብ ሆኖ ሳለ ሣሩ ሊጠወልግ ይችላል።

አንድ የተለመደ ስሕተትም አለ፤ አፈሩ ጥቁር ስለ ሆነ ፍግ የጠገበ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዋልካ በካልሲየምና በማግኒዚየም ሀብታም ነው፤ በናይትሮጅንና በፎስፎረስ ግን ብዙ ጊዜ ድሃ ነው። ጥቁረቱ የፍግ ብዛት ምልክት አይደለም።

ዋልካን ለይቶ ለማወቅ

ከመሬቱ አንድ እፍኝ አፈር ውሰዱና በጥቂት ውሃ አሽታችሁ እንደ ሊጥ አድርጉት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየጨመቃችሁ እንደ ጥብጣብ አውጡት። ጥብጣቡ ሳይበጠስ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከረዘመ አፈሩ ብርቱ ሸክላ ነው። ቀጥሎም እስከ ጉልበት ወይም ከዚያ በላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ግድግዳውን ተመልከቱ። በእጅ እንደ ተወለወለ የሚያብረቀርቅ ገጽ ያለው ጓል ካገኛችሁ፣ አፈሩ እያበጠና እየተኮማተረ እርስ በርሱ መፋተጉን ያስረዳችኋል። በበጋም ሰፊና ጥልቅ ስንጥቅ ካለበት ዋልካ ስለ መሆኑ አትጠራጠሩ።

ከብት በእርጥብ ዋልካ ላይ ሲሰማራ

በሬ ያን ያህል ክብደቱን በአራት ትንንሽ ሰኮናዎች ላይ ያሳርፋል። በደረቅ ዋልካ ላይ ይህ ብዙ ጉዳት የለውም። በራሰው ላይ ግን ሰኮናው ይሰምጣል፤ የሣሩን ሥር ይቆርጣል፤ አፈሩን ይጠቀጥቃል። በየሰኮናው ኮቴ ውሃ ይቋጥራል። መልካሞቹ ሣሮችና ማገጡ ይጠፉና ከብት የማይበላው አረም ይተካል። ደግሞም ውሃ በሚተኛበት ረባዳ የጉበት ትልን የሚያስተላልፈው ትንሽ ቀንድ አውጣ ይራባል። በክረምት ከዚያ የጋጠ ከብት በበጋ ቢከሳ ሊያስደንቃችሁ አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው ቦረቦር ነው። ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ በሚገኘው በደብረ ማዊ ተፋሰስ ላይ የተደረገውና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የታተመው ጥናት አንድ ትልቅ ነገር አስረድቷል። በረባዳው መሬት ውስጥ ያለው ውሃ ከቦረቦሩ ወለል ከፍ ብሎ ሲቆም፣ የቦረቦሩ ዳር ርሶና ከብዶ ይናዳል። እንግዲህ ቦረቦርን የሚያሰፋው ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ በውስጥ የተጠራቀመውም ውሃ ነው። በዋልካ ላይ ድንጋይ ብቻ ደርድሮ ቦረቦርን ለማቆም መሞከር ብዙ ጊዜ የማይሳካው፣ ውሃው በካቡ ጎንና ሥር መውጫ ስለሚያገኝ ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

1ኛ/ ከሰኔ እስከ መስከረም ረባዳውን ከከብት ከልሉ። ሣሩን እያጨዳችሁ በግቢያችሁ አብሉ። የቀረውን ሳይጠነክር አጭዳችሁ አድርቁና ከምሩት፤ በሚቀጥለው ሰኔ በሬው ለእርሻ ሲወጣ ጉልበት ይሆነዋል።

2ኛ/ ከብት ከመልቀቃችሁ በፊት መሬቱን በእግራችሁ ፈትኑ። ተረከዛችሁ ከሰመጠና በኮቴው ውሃ ከቋጠረ ጊዜው ገና ነው። ምድሩ ሲጠነክር በየተራ እየከፈላችሁ አስግጡ እንጂ ሁሉን በአንድ ቀን አትልቀቁ።

3ኛ/ ማገጥን ጠብቁ። ማገጥ በዋልካ ላይ የሚስማማ የአገራችን መኖ ነው፤ ናይትሮጅንንም ከአየር ወስዶ ለመሬቱ ይሰጣል። ጥቂቱን ዘር እስኪያፈራ ትታችሁ በተራቆተው ስፍራ በትኑ፤ ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያ ሲያገኝ ይበልጥ ይፋፋል። ነገር ግን ለምለሙን ማገጥ ለብቻው የጠገበ ከብት ሆዱ ሊነፋ ስለሚችል አስቀድማችሁ ገለባ ወይም ድርቆሽ አብሉት።

4ኛ/ ውሃውን በሥርዓት አውርዱ። በእርሻችሁ የምታወጡት ፈሰስ ቁልቁል ቀጥ ብሎ ከወረደ፣ ወይም መጨረሻው በወል ግጦሹ ላይ ከሆነ፣ የነገው ቦረቦር እርሱ ነው። ፈሰሱን በመጠኑ አጋድማችሁ፣ ሣር ወደ ለበሰ የጋራ መውረጃ አድርሱት። ዋልካን ለእህል የምታርሱትም፣ ሁለት ሞፈር ተጣምሮ በሚሠራው የመደብ ማውጫ፣ ማለት በቢ.ቢ.ኤም.፣ 80 ሴንቲ ሜትር መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ ስታወጡ ውሃው መውረጃውን አስቀድማችሁ አዘጋጁለት።

5ኛ/ የተጀመረውን ቦረቦር ገና በትንሽነቱ ያዙት። ቀጥ ያለውን ዳር በመቆፈር አጋድሙት፤ ሣር አልብሱት፤ ሰስባንያና ቬቲቨር ትከሉበት፤ ከብትም አታድርሱበት።

ለልማት ሠራተኞች

ለቀይ አፈር የሚሰጠው ምክር ሁሉ ለዋልካ አይሆንም። የቡሬ ኮምጣጣ ቀይ አፈር ኖራ ያስፈልገው ይሆናል፤ ዋልካው ግን ብዙ ጊዜ ኮምጣጣ አይደለም። ስለዚህ አፈሩ ሳይመረመር ኖራ ማስበተን ገንዘብ ማባከን ነው። መሬቱንም በበጋና በክረምት፣ ሁለት ጊዜ ሄዳችሁ እዩት፤ በአንዱ ወራት ብቻ ያየ ሰው ዋልካን አላየም።

ረባዳውን ለመጠበቅ ሥራውን ከዳገቱ መጀመር ይገባል። በደምበጫ ወረዳ በአንጀኒ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ተቋቋመ፤ በ1986ም 113 ሔክታር በሚሆነው ተፋሰስ ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ተሠራ። እርከኑ አፈር እየያዘ ከዓመት ወደ ዓመት ደረጃ መሬት ሆነ። ትምህርቱ ለእኛም ቅርብ ነው፤ ዳገቱ ውሃውን ካልያዘ ረባዳው ብቻውን አይችለውም።

በመጨረሻም፣ የወል ግጦሽ በአንድ ሰው ብርታት አይጠበቅም። አንዱ ከብቱን ሲያስር ሌላው በሌሊት ከለቀቀ፣ ያሰረው ሞኝ መስሎ ይታያል፤ በሚቀጥለው ዓመትም አያስርም። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ የመንደሩ ሰው ሁሉ፣ ሴቶችና እረኞች ጭምር፣ ተሰብስቦ ይምከር። የሚከለልበትንና የሚከፈትበትን ቀን፣ የሣሩን ክፍፍል፣ የጥፋቱን ካሳ በደንብ ይወስን። በተለይም ሌላ ግጦሽ የሌለው ድሃ ከሣሩ ድርሻውን አስቀድሞ ያግኝ፤ ድርሻ ያጣ ሰው ደንቡን ሊያከብር አይችልምና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ዋልካ ወራቱን ጠብቆ ለያዘው ሰው ሣሩን አይነፍግም። በክረምት አሳርፉት፤ በበጋ በሬያችሁን ያጠግባል።