የሽንፋ ወንዝና የፈቃድ ማኅተም

(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በአንድ ወገን የወንዝ፥ በሌላው ወገን የመዝገብ ቤትና የማኅተም ጉዳይ ነው። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል የሚል አድማጭ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነውና እስከ ፍጻሜው እንዲታገሠን እንለምናለን።

ሽንፋ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፥ በመተማ በኩል የሚገኝ አገር ነው፤ ስሙም የወንዙ ስም ነው። ወንዙ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ከፍተኛ ቦታ ተነሥቶ ቆላውን በማቋረጥ ሱዳን ይገባል፤ በዚያም ራሀድ ተብሎ ከዓባይ ጋራ ይቀላቀላል። በክረምት ሞልቶና ደፍርሶ የሚያስፈራ ወንዝ ነው። በጋው ሲጠና ግን ይቆራረጥና እዚህ አንድ ኩሬ፥ እዚያ አንድ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ዓሣውም አውሬውም፥ ወደ ወንዝ የሚወርደው ከብትና ውሃ ቀጂም እስከሚቀጥለው ዝናም ድረስ ዓይናቸው በነዚህ ኩሬዎች ላይ ነው።

ይህ የኩሬ ኑሮ የትናንት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፥ ከ74,000 ዓመታት ገደማ በፊት በሽንፋ ወንዝ ዳር ሰዎች ይኖሩ ነበር። በዚያን ዘመን በሱማትራ ደሴት ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ እንደ ብርጭቆ ያለው ብናኙ እስከዚህ ቆላ ደርሷል። ድርቁ በበረታ ጊዜ ሰዎቹ እየጠበበ በሚሄደው ኩሬ ውስጥ የታጎረውን ዓሣ እያወጡ ይመገቡ እንደ ነበር ከአፈር የተገኘው አጥንት ይመሰክራል። ኩሬው ጎተራቸው ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ በዚያው ቆላ ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ በሰፊው ይዘራል። ሰሊጡ ለአገር የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ሀብት ስለ ሆነ ባለ ትራክተሩን እንደ ጠላት መቍጠር ስሕተት ነው። ይሁን እንጂ የቆላው ጥቍር አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናም ሲጠግብ ደግሞ ያብጥና ውሃ አላሳልፍ ይላል። ውሃውም በላዩ እየሸሸ አፈሩንና በአፈሩ ላይ የተረጨውን የአረምና የተባይ መድኃኒት ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል። በክረምት ወንዙ ጠርጎ ወደ ታች ይወስደዋል፤ ይኸውም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ከታች ያሉትም ሰዎች ውሃ ጠጪዎች ናቸውና። ወንዙ ከተቆራረጠ በኋላ ግን አንድ ሠራተኛ የመርጫ ዕቃውን በኩሬው ቢያጥብ፥ ወይም የመድኃኒቱን ባዶ ጀሪካን በኩሬው አለቅልቆ ውሃ መቅጃ ቢያደርገው፥ መርዙ የሚሄድበት ስፍራ የለውም። እዚያው ይቆያል።

አየሩም ከዚህ አያመልጥም። ነፋስ ባለበት ሰዓት የተረጨ መድኃኒት የጎረቤትን ማሳ ይነካል፤ ሰሊጡ ባበበ ጊዜ ቢረጭ አበባውን ፍለጋ የመጣውን ንብ ይገድላል። ስለ መሬቱም እንደዚሁ ነው። ለእርሻ የሚመነጠረው ደን የዕጣን ዛፍ ያለበት ነው፤ የዕጣን ዛፍ ደግሞ ችግኙ እሳትንና የከብትን ጥርስ አልፎ ለማደግ የሚቸገር በመሆኑ፥ ዛሬ የተቈረጠውን ነገ እንተካለን ማለት ለአፍ ብቻ ይቀላል።

መርዝ ሲገዛ ርካሽ፥ ሲወገድ ውድ ነው። በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበት ከ1,000 ቶን በላይ የተባይ መድኃኒት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከአገራችን ተለቅሞ፥ ታሽጎና በመርከብ ተጭኖ እስከ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ እዚያ ተቃጥሏል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 674 የተባይ መድኃኒት ሳይመዘገብ እንዳይገባና እንዳይሸጥ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ወደ ማኅተሙ እንመለስ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቍጥር 299፥ ማንኛውም ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ግምገማ ለሚያስፈልገው ሥራ የኢንቬስትመንት፥ የንግድ ወይም የሥራ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት፥ የፌዴራሉ ወይም የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መፍቀዱን እንዲያረጋግጥ ደንግጓል። «ከመስጠቱ በፊት» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ባለጉዳይ ደጅ ሲጠና የሚታየው የመጨረሻው ማኅተም ነው፤ አለቃም የሚጠይቀው ስንት ፈቃድ ወጣ ብሎ ነው። በዚህ መካከል የጥናቱ ወረቀት «በኋላ ይያያዛል» ተብሎ የታለፈ እንደ ሆነ፥ በኋላ የሚያያዘው ደኑ ከተመነጠረ ወዲያ ነው።

አጥፊው ይቀጣ የለምን የሚል ይኖራል። አዋጁ ያለ ፈቃድ ሥራ የጀመረውን ሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። ይህ ገንዘብ በ1995 ዓ.ም. ከባድ ነበር፤ ዛሬ አንድ ትራክተር ከሚገዛበት ዋጋ ጋራ ቢያስተያዩት ግን ትንሽ ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ ቅጣቱን ከወጪው ጋራ ደምሮ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የሽንፋን ኩሬ ከቅጣቱ ይልቅ የሚጠብቀው ያ ወረቀት ሳይያያዝ አልፈርምም የሚል ሠራተኛ ነው።

በዚያው ዓመት የወጣው የብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 ደግሞ ሁለት ነገር ሰጥቷል። አንደኛው፥ የአካባቢ ተቈጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማንኛውም ድርጅት ገብቶ እንዲመረምር ሥልጣን አለው፤ የድርጅት ዘበኛ በር ላይ ሊያቆመው አይገባም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የተበከለው ኩሬ የኔ ነው፥ ከብቴ ሞተብኝ ብሎ ጥቅሙን ማስረዳት ሳያስፈልገው ማንም ሰው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው፥ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይፈቀድለታል።

ከሽንፋ ተነሥቶ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ገበሬ ይህን የቀን ቍጥር ላያውቅ ይችላል። አቤቱታውን የሚቀበለው ጸሐፊ የገባበትን ቀን በመዝገብ ላይ ጽፎ፥ ግልባጩን በማኅተም አድርጎ ለባለቤቱ ይመልስለት።