ብረቱን ስጡን፣ እጀታውን እኛ እንሠራለን

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር



እዚህ ስቆም የለመዳችሁት ገቢና ወጪ ሳነብ ነው። ዛሬም የመጣሁት ከዚያው ከመዝገቡ ነው፤ ግን ስለ አንድ ነገር ብቻ እንድናገር ተፈቅዶልኛል፤ ስለ እጀታ። ዛቢያ በሉት፣ እጀታ በሉት፣ በእጃችን የምንጨብጠውን እንጨት ማለቴ ነው።

እኛ የሒሳብ ሰዎች ዕቃን በሁለት እንከፍላለን። ቶሎ የሚያልቀውን አላቂ ዕቃ፣ ለዓመታት የሚያገለግለውን ቋሚ ንብረት እንለዋለን። መጥረቢያ መዝገብ ላይ የሚጻፈው እንደ አንድ ዕቃ ነው፤ በእውነቱ ግን ሁለት ዕቃ ነው። ብረቱ እየተሳለ ከእናት ወደ ልጅ ያልፋል። እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ይላላል፣ ይሰበራል። «የዶማ ግዢ» ተብሎ የወጣውን ገንዘብ ከዕቃ ቤታችን ጋር ሳመሳክር ብረቱ ተሰብሮ የተተካ አንድም ዶማ አላገኘሁም። የተሰበረው ሁሉ እጀታ ነው። ብረቱ ጥግ ይጣላል፣ እኛም አዲስ ዶማ እንገዛለን። አላቂው ባለቀ ቁጥር ቋሚውን እየገዛን ነው ማለት ነው።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን በሪፖርቱ ጽፌ ዝም ባልኩ ነበር። ለቁጠባ መሰብሰብ ቤት ለቤት ስንዞር የማየው ሌላ ነው። ባል የሞተባት ወይም ባሏ ለሥራ የራቀባት እናት ቤት፣ ግድግዳ ተደግፎ እጀታ የሌለው ምሳር ይቀመጣል። ምነው ሲሏት «የሚሰካልኝ ሰው አጥቼ» ትላለች። ጎረቤት እንዳትለምን እሱም እርሻ ላይ ነው፤ ሲመጣም ጠላ መጥመቅ አለባት። እስከዚያው የምትፈልጠው በተዋሰችው ወይም በላላው ነው። የላላ መጥረቢያ ሲሰነዘር ብረቱ ተፈናጥሮ የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም፤ ደጁ ላይ ደግሞ ልጆች አሉ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይባላል። ስለ ሌላው ባላውቅም እጀታ ላይ ሲደርስ ተረቱ ቃል በቃል ሲሠራ አይቻለሁ። እንዲህ የሆነው ሥራው ስለሚከብድ አይደለም። የመንዝ ሴት ሱፍ ስትፈትል የኖረች ናት፤ ባናውን ወንዱ ይሸምናል፣ ክሩ ግን ከእሷ እጅ ነው። እንዝርት ስትመርጡ ምን ታደርጋላችሁ? እንጨቷን በዓይናችሁ ታነጣጥራላችሁ፣ አሹራችሁ ትወላገድ እንደሆነ ታያላችሁ፣ ጉጥ ካለባት ትጥላላችሁ። እጀታ የሚመረጠውም በዚሁ ዓይን ነው። ባለሙያን በሥራው መስደብ በአጼ ምኒልክ ጊዜ በአዋጅ ተከልክሏል፤ «መሮ የያዘች ሴት» የሚለው ሽሙጥ ግን አዋጁን የሰማ አይመስልም።

አሁን ወደ እንጨቱ። የምኖረው መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ ላይ ጠንካራ እንጨት ብርቅ ነው። የጓሳን አስታ አንነካም፤ አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ጠብቀው ያቆዩትን ለዶማ እጀታ ብለን አንቆርጥም። የቤተ ክርስቲያን ጽድና ወይራም እንደዚያው። በየጓሯችን ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ይሰነጠቃል ተብሎ ይታማል። የሚሰነጠቀው ግን ቀጭኑን አጣና እንዳለ ስለምንሰካው ነው። መሐሉ ላይ ያለው ለስላሳ እምብርት ሲደርቅ ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል። ጎልማሳውን ግንድ ለአራት ፈልጣችሁ እምብርቱን ብትጥሉ ደኅና እጀታ ይወጣዋል። መፍለጥ ነው ያልኩት፤ በመጋዝ መሰንጠቅ አይደለም። ፍልጥ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይሄዳል፣ ጅማቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ ይቀራል። መጋዝ ግን ጅማቱን ሰያፍ ሊቆርጠው ይችላል፤ እጀታውም በዚያው ይሰበራል።

ከዚህ የተሻለ ከፈለጋችሁ ወደ መርሐ ቤቴ ስትወርዱ ወይራና ክትክታ አለ። ገበያ የምትወርዱ እህቶች ከሌላው ዕቃ ጋር ጥቂት ፍልጥ ብታመጡልን መልካም ነው። ግን እኔ በጣም የምወደው ሌላ ነው፤ የተሰበረ ድግር። የወይራ ድግር ብዙ ክረምትና በጋ አልፎበት፣ ደርቆ ደርቆ፣ ከእንግዲህ የመጣመም ሐሳብ የለውም። ይህን እንጨት ምድጃ ውስጥ ስናስገባ እያየሁ አንጀቴ ያርራል። ለመሮና ለማጭድ እጀታ ከእሱ የሚበልጥ የለም።

ስለ መድረቅ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ችግር እዚህ ነውና። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ክረምት ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ የሰካችሁት እጀታ የኅዳር ደረቅ ነፋስ ሲመታው የሚወልቀው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን መጥረቢያውን ውኃ ውስጥ እንዘፈዝፋለን። እንጨቱ ያብጣል፣ ለቀኑ ይጠብቃል፤ ግን ብረቱ ውስጥ የሚያብጥበት ቦታ ስለሌለው ጅማቱ ይጨፈለቃል፣ ሲደርቅም ከበፊቱ ይበልጥ ይላላል። መፍትሔው ፍልጡን ሳይሰካ በፊት ማድረቅ ነው። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ እሳት አጠገብም አታቁሙት፤ ውጩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሁለቱን ጫፎች ሰም ወይም ጭቃ ቀብታችሁ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። እንጨት ውኃውን የሚያወጣው ከሁሉ ፈጥኖ በጫፎቹ ስለሆነ እነሱን መድፈን ያዘገየዋል። ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የምናስቀምጠው ፍልጥ ለመጪው ዓመት ነው፤ ይህም ቁጠባ ነው።

አሰካኩ እንደ ዕቃው ይለያያል። የዶማ እጀታ አናቱ ወፍራም ነው፤ ብረቱ ከቀጭኑ ጫፍ ገብቶ እየተንሸራተተ ወፍራሙ ላይ ይቆማል፣ በተሰነዘረ ቁጥርም ይጠብቃል። መጥረቢያ ግን ሽብልቅ ይፈልጋል፤ የእጀታው ጫፍ በመጋዝ ይሰነጠቅና ብረቱ ከገባ በኋላ ደረቅ የወይራ ሽብልቅ ይመታበታል። ማጭድን ታውቁታላችሁ፤ ጭራው ግሎ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ መንገዱን ራሱ እያቃጠለ።

የመሮ እጀታ ለብቻው ነው። በእንጨት ሥራ ክፍላችን ያለው ቶርኖ እንዝርትና የበርጩማ እግር ያወጣልናል፣ ሥራው ግን በመሮው ነው። የአናጢ መሮ ይመታል፣ ስለዚህ እጀታው አጭር ነው። የቶርኖ መሮ አይመታም፤ ተይዞ ነው የሚሠራው። የሚሽከረከረው እንጨት የመሮውን ጫፍ ወደ ታች ይገፋል፤ እጀታው ረዘም ካላለ ጉልበቱን መቋቋም አይቻልም። እርፉ አጭር ቢሆን ገበሬው ማረሻውን እንዴት ይገዛው ነበር? ለተራው ሥራ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ውፍረቱን በሜትር አትለኩት፣ በእጃችሁ ለኩት፤ ስትጨብጡት የመሐል ጣታችሁ ጫፍ መዳፋችሁን ለመንካት ጥቂት ይቅረው። ከፋብሪካ የመጡት እጀታዎች ለብዙዎቻችን እጅ ይወፍራሉ፤ የወፈረ እጀታ የያዘ እጅ ቶሎ ይዝላል። ራሳችን እንሥራው የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ቀዳዳው ቀጥ ብሎ መሐል ላይ መበሳት አለበት። እንጨቱን በሞርሳ አጥብቆ፣ አንዷ ስትበሳ ሌላዋ ከጎን ቆማ መዝመም አለመዝመሙን ብታይላት ጥሩ ነው። የመሮው ጭራ ወደ ጫፉ ስለሚቀጥን መጀመሪያ በቀጭኑ እስከ ጥልቁ፣ ቀጥሎ በወፍራሙ እስከ ግማሽ ይበሳል። አፉ ላይ ቀለበት ያስፈልገዋል፤ ያለ ቀለበት እጀታው ከአፉ ይሰነጠቃል። የቧንቧ ቁራጭ ካለ እሰየው። ከሌለ እርጥብ ጠፍር ጥብቅ አድርጎ መጠምጠም ነው፤ ጠፍር ሲደርቅ ስለሚኮማተር እንጨቱን አንቆ ይይዘዋል። ማረሻን ወገል እንደሚይዘው ማለት ነው።

እጀታ የሌለው መሮ የራሱን እጀታ መሥራት አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው በመጥረቢያ ተጠርቦ፣ በሞረድ ተሞርዶ፣ በጠርሙስ ስባሪ ተፍቆ ይወጣል። ቢወላገድም ግድ የለም፤ ሁለተኛው በቶርኖ ላይ የሚሠራው በእሱ ነው። ሞረዱም ራሱ እጀታ ይኑረው፤ ጭራው መዳፍ ይወጋል። መጨረሻ ላይ የተልባ ዘይት ቀቡት፤ ተልባ እየደረቀ እንጨቱን ይሸፍነዋል። ቅቤ አይሆንም፤ አይደርቅም፣ ይሻግታል።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። ሙሉ ዕቃ ስትሰጡን እናመሰግናለን፤ ግን ለእጀታው የከፈላችሁት ገንዘብ ደጋው ላይ ቶሎ ይሰነጠቃል። ብረቱን ብቻ ስጡን። በእጀታው ፋንታ አንድ መጋዝ፣ ሁለት የእንጨት ሞረድ፣ አንድ መሰርሰሪያና ሞርሳ ብትጨምሩልን እነዚህ በቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ ይገባሉ፣ እኔም በየዓመቱ ቆጥሬ አሳያችኋለሁ።

ለእናንተ ለአባላት ደግሞ፣ ጉባኤው ከተስማማ የሚቀጥለው ቅዳሜ ከቁጠባ መሰብሰቢያው በኋላ የእንጨት ክፍሉ ክፍት ይሆናል። ጥግ የተጣለውን ብረት ይዛችሁ ኑ። የተሰበረ ድግር ያላችሁም አምጡት፤ እስከዚያው ግን አደራ፣ አታንድዱት።