ስለ ስፖርት መኪና ስፕሊተር አመራረጥ



ስፕሊተር ከመኪና የፊት ባምፐር ሥር ወደ ፊት ወጣ ብሎ የሚገጠም ዝርግ ሰሌዳ ነው። ከላዩ ያለው የአየር ግፊት ከሥሩ ስለሚበልጥ የፊት ጎማዎችን ወደ መሬት ይጫናል። ይሁንና ጫናው የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነውና፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የተገኘው በ50 ጊዜ ወደ ሩብ ይወርዳል። ባሕር ዳርም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር የሳሳ ነው።

እንግዲህ በጣና ዳር ጎዳናዎች ሰሌዳውን የሚፈትነው ነፋስ ሳይሆን የፍጥነት ማብረጃው፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝና በክረምት ውኃ የሸፈነው ጉድጓድ ነው። ካርቦን ፋይበር ቀላልና ጠንካራ ቢሆንም ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ውበቱን ግን የሚክድ የለም። ፋይበር ግላስ ርካሽ ነው፤ ይጠገናል፤ ደግሞም ይሰበራል። ፖሊዩሬታን ግን ታጥፎ ይመለሳልና ለከተማይቱ የሚበጀው እርሱ ነው።

ከሁሉ የሚዘነጋው ልኩ ነው። ባለንብረቱ ከመግዛቱ በፊት መኪናውን ሰው አስጭኖ፣ ነዳጁን ሞልቶ፣ ከባምፐሩ ሥር እስከ መሬት ያለውን ከፍታ ይለካ። ባዶ መኪና የሚያልፈውን ማብረጃ የተጫነው ይፈገፍገዋል። ሰሌዳው ከፊት ጎማ በራቀ ቁጥር ቀድሞ ይነካል፤ በጥቂት ብሎን ብቻ ከታሰረም ባምፐሩን ይዞ ይገነጠላል።