የሞተር ብስክሌት የነፋስ መከላከያ እንዳይሰነጠቅ ስለሚደረግ ጥንቃቄ



የሞተር ብስክሌት የነፋስ መከላከያ ነፋስን፥ አቧራንና ጠጠርን ከነጂው ዓይንና ደረት የሚመልስ ጋሻ ነው። ሲሰነጠቅ ግን በሌሊት ከፊት የሚመጣው የመኪና መብራት በስንጥቁ ላይ ተበታትኖ መንገዱን ይሰውርበታል።

ብዙ ሰው ስንጥቅ ሁሉ ከጠጠር የመጣ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከብሎን ቀዳዳ ነው። መከላከያው በልማድ መስተዋት ቢባልም፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አክሪሊክ ወይም ፖሊካርቦኔት ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህም በሙቀት ጊዜ ከብረት ይልቅ አብልጦ ይለጠጣል። ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአክሪሊክ መከላከያ፥ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ያንኑ ያህል ስፋት ያለው ብረት ግን 0.2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ካለችው ከአሥመራ በማለዳ ብርድ ተነሥቶ ወደ ምጽዋ ቆላ የሚወርድ ነጂ እንዲህ ያለውን ለውጥ በአንድ ጉዞ ያገኘዋል። ብሎኑ ከመጠን በላይ የጠበቀ እንደ ሆነ፥ ፕላስቲኩ መላወሻ አጥቶ ከቀዳዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ቀዳዳው ከብሎኑ ውፍረት ጥቂት ሰፋ ማለት፥ በሁለቱም ወገን የላስቲክ ሮንዴላ መግባት አለበት። ብሎኑ በእጅ ከጠበቀ በኋላ በመፍቻ የሚጨመርበት ጥቂት ብቻ ነው። ቤንዚን፥ አልኮልና የፍሬን ዘይት ፕላስቲኩን ስለሚያደክሙት ሊነኩት አይገባም። ጽዳቱም በብዙ ውሃ፥ በለስላሳ ሳሙናና በጥጥ ጨርቅ ይሁን፤ አቧራን በደረቅ ጨርቅ መፈተግ ይጭረዋል።

ስንጥቅ የታየ እንደ ሆነ፥ ሳይውል ሳያድር ከኋላው እንጨት ደግፎ፥ በስንጥቁ ጫፍ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ክብ ቀዳዳ በዝግታ መብሳት ይጠቅማል። በሹሉ ጫፍ የተከማቸው ኃይል በክቡ ዙሪያ ስለሚከፋፈል ስንጥቁ እንዳይቀጥል ይረዳል። ከዚያም ለፕላስቲኩ ዓይነት በተሠራ ማጣበቂያ ይሞላል። ይህ ጥገና ግን በዳር ላለ አጭር ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ በነጂው ዓይን ፊት የሚያልፍ ወይም ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው የደረሰ ከሆነ፥ መከላከያውን መለወጥ ግዴታ ነው።

ሠራተኞቻቸውን በሞተር ብስክሌት የሚያሰማሩ መሥሪያ ቤቶችም ብሎኖቹንና ሮንዴላዎቹን በየወሩ ቢያስመረምሩ መልካም ነው። የሮንዴላ ዋጋ ከአዲስ መከላከያ ዋጋ፥ ይልቁንም ከሰው ዓይን ጋር የሚመዛዘን አይደለም።