ስለ እንሰት ልጆች መብዛትና ንጽሕና

የተበላ መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፤ እንሰት ዝናም ሲጐድል እንኳ የሚቆም የወላይታ ጎተራ ነው። ገበሬ ያልደረሰ እንሰት ነቅሎ፥ ከአሚቾው የመካከሉን ለጋ ቡቃያ አውጥቶ ቢቀብረው፥ ከአንዱ እስከ 100 የሚደርሱ ልጆች ይበቅላሉ። የዛሬ ሊቃውንትም ይህንኑ በጠርሙስ ያደርጉታል፤ ከቡቃያው ጫፍ ጥቂት ቆርጠው፥ ስኳርና ልዩ ልዩ ማዕድን ባለበት ንጹሕ ምግብ ላይ ያበቅሉታል።

ነገር ግን ልጅ የእናቱን ደዌ ይወርሳል። በ1968 በፈረንጅ ዘመን በኢትዮጵያ የታወቀው የእንሰት አጠውላጊ ደዌ ሙሉውን ጓሮ ያጠፋል፤ የሚፈውሰውም መድኃኒት የለም። ከታመመው ወደ ጤነኛውም አንድ ቢላዋ ሊያሻግረው ይችላል።

ስለዚህ እናቲቱ ጤነኛ ትመረጥ፤ ቢላዋው በእሳት ይለብለብ፤ የታመመው ተነቅሎ ይቀበር። መምህር ለተማሪው፥ ሽማግሌም ለጎረቤቱ ይህን ይንገር፤ ጎተራው እንዳይጐድል።